እርገጡት ይሉ የነበሩት ጋሽ ወልዴ

ጋሽ ወልዴ ማረፋቸውን የሰማሁት ደረጃ ስጠርግ ነው። ጎረቤታችን ሐያት ከአራተኛ ፎቅ ቀስ እያለች ወረደችና አጠገቤ ስትደርስ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ሐያት ጀሞ ገበያ ውስጥ ልብስ ስፌት ቤት ያላት፣ ሮጣ የምትወጣ ሮጣ የምትወርድ ሴት ናት። ደረጃ ላይ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም ነበር።

«ፋንቱ፣ መጥረጊያውን አስቀምጪው» አለችኝ።

አስቀመጥኩት። ከአቀማመጧ ገባኝ። የጋሽ ወልዴ ልጅ ሰናይት ከሆስፒታል ደውላ ለእኔና ለእናቷ መንገር ስላልቻለች ለሐያት እንደነገረቻት ያወቅኩት በኋላ ነው።

እኔ ጋሽ ወልዴና ባለቤታቸው እማማ አስካለ ቤት፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በሠራተኛነት ነው የገባሁት። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት ማውራትም ይከብደኛል። ለቅሶው ላይ ስለ ጋሼ ብዙ ተወራ። የተወራው ግን ሁሉ ስለ ከባድ መኪናቸው ነው፤ አሰብ ስለመውረዳቸው፣ በረሃ ላይ ሁለት ጎማ ፈንድቶባቸው ስለማደራቸው። ያ ሁሉ እኔ ሳልወለድ የሆነ ነው። እኔ የማውቃቸው ጋሽ ወልዴ መንጠቆ ይዘው ከጆንያ ላይ የማይነሱ ሽማግሌ ናቸው። ስለዚያ የሚያወራ ሰው ስላልሰማሁ ልጽፈው ፈለግኩ።

እኔ ስገባ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ወንበራቸውን መስኮቱ ጋ አስጠግተው ታች መንገድ ላይ የሚሽቀዳደሙትን ሚኒባሶች ያያሉ። «አሁን ይኼ ሹፌር ነው? ጋሪ ነጂ ነው እንጂ!» እያሉ መስታወቱን ይቆረቁራሉ። አንዱ ሚኒባስ በድንገት ሲገባ ቀኝ እግራቸው ወለሉን ጥብቅ አድርጎ ይረግጣል፤ ፍሬን እየያዙለት ነው። እጃቸው ሥራ መፍታት አልቻለም። የቴሌቪዥኑን ሪሞት ይፈታሉ፣ ይገጥማሉ። ደህና የሚሠራውን ቧንቧ «ድምፁ ልክ አይደለም» ብለው ይፈቱትና እኔ ውሃ ስጠርግ እውላለሁ።

እማማ አስካለ ታዲያ «ወልዴ፣ ቤቱን ፈተህ ስትጨርስ ወደኔ እንዳትመጣ» ይሏቸዋል።

የእማማ ዓይን በዚያን ጊዜ እየደከመ ነበር። ሐኪሞቹ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው ብርሃን አይመለስም ብለዋል። ቤት ውስጥ ላያቸው ሰው ምንም አይታወቅባቸውም። ሽንኩርት ይከትፋሉ፤ እኔ ያላየሁትን አቧራ በጣታቸው ያገኙብኛል። ችግሩ ደረጃው ነበር። የኮንዶሚኒየም ፎቅ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ በሩም አንድ ዓይነት ነው፤ ቀን ቀን ደግሞ ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል። አንድ ቀን ታች ፀሐይ ሲሞቁ ቆይተው ሲመለሱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሰው ቤት ገቡ። ነጠላቸውን አጣጥፈው ሶፋው ላይ ተቀመጡና «ፋንቱ፣ እስኪ ሻይ አምጪልኝ» አሉ። የቤቱ አባወራ ገላውን ታጥቦ በፎጣ ብቻ ቆሞ ነበር። ሰዎቹ ጨዋዎች ናቸው፤ ሻዩንም አፍልተው ሰጧቸው። ሳቁ፤ እኛም በኋላ ሳቅን። እማማ ብቻ አልሳቁም።

«ሰው ቤት የምገባ ሰው ሆንኩ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ መውጣት ተዉ። ሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን መሄድ ቀረ፤ ታች ከሴቶቹ ጋር ፀሐይ መሞቅ ቀረ። እኔ ክንድዎን ልያዝ ስላቸው «እንደ ሙክት አልጎተትም» ይላሉ። ጋሼ ደረጃውን እየቆጠርሽ ሂጂ አሏቸው። እሱንም ሞከሩት። ግን መሀል ላይ ጎረቤት ያገኛቸዋል። «እማማ እንዴት አደሩ? ዓይንዎ ተሻለዎት? ሰናይት ደህና ናት? ልጆቿስ?» ይላል። አለመመለስ ነውር ነው፤ መልሰው ሲጨርሱ ደግሞ ቁጥሩ ጠፍቷል።

«ታዲያ ሰፈሩን በሙሉ ሰላም አትበሉኝ ልበለው?» ብለው ነጠላቸውን ሰቀሉት።

ነጠላው ሳይወርድ ሰነበተ። እማማ ቀኑን ሙሉ አልጋቸው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ ምግብም ቀነሱ። ጋሼ ሹፌሮቹን መሳደብ ትተው እማማን ያዩ ጀመር።

አንድ እሑድ ሰናይት ከለቡ መጣች። ባልና ልጆቿን ይዛ እዚያ ነው የምትኖረው። ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣ ስልኳን ስትነካካ ጋሼ እጇን ያዝ አደረጉት።

«ቆይ፣ እሱን መልሺው።»

ቪዲዮው ላይ ያሉት አንዲት የፈረንጅ አሮጊት ናቸው። ጆንያ ወጥረው አሮጌ ጨርቅ በመንጠቆ ከስር ወደ ላይ እየጎተቱ ምንጣፍ ይሠራሉ። ጋሼ ንግግሩ አይገባቸውም፤ ዓይናቸው የሴትዮዋ እጅ ላይ ነው። ባትሪው አልቆ ስልኩ እስኪዘጋ መልሺው፣ መልሺው አሉ።

«አባዬ፣ ምን አስበህ ነው?» አለች ሰናይት እየሳቀች።

«መሪው ቀላል ነው» አሉ። መንጠቆውን ማለታቸው ነበር።

በማግስቱ አሮጌ ካቻቪቴያቸውን አወጡና ጫፉን በሞረድ እየሞረዱ መንጠቆ አበጁለት። የቡና ጆንያ ፈልገው በወላለቀ የመስኮት እንጨት ላይ በሚስማር ወጠሩ። ያረጁ ሹራቦቻቸውን ለእኔ ሰጡኝና በጣት ስፋት እንድቆርጥ አደረጉ። ግራ እጃቸው ጨርቁን ከጆንያው ስር ይይዛል፤ ቀኝ እጃቸው መንጠቆውን ከላይ ይሰካና ይጎትታል፤ ጨርቁ ትንሽ ቀለበት ሆኖ ብቅ ይላል። አጠገቡ ሌላ፣ አጠገቡ ሌላ።

አይታሰርም፣ በክርም አይሰፋም። «ታዲያ በምን ይቆማል?» ስላቸው፣

«በመጨናነቅ። የጀሞ ታክሲ ውስጥ ቆሞ የወደቀ ሰው አይተሻል?» አሉኝ።

መጀመሪያ ላይ እየጎተቱ መልሰው ያወጡታል፤ አንዱ ቀለበት ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል። ያ መሪ የለመደ ትልቅ እጅ በዚያች ቀጭን መንጠቆ ሲናደድ ማየት ያስቃል። ግን አልተዉትም። ውለው አድረው ሲለምዱት ፊታቸው ሌላ ሆነ። ሲሠሩ ያንጎራጉራሉ። ሻዩ ሲቀዘቅዝ አይታወቃቸውም። «ይኼ ሥራ አይደለም ፋንቱ፣ ጨዋታ ነው። እኔ ደግሞ በልጅነቴ አልተጫወትኩም፤ ጊዜ አልነበረኝም» አሉኝ አንድ ቀን።

እኔን ረዳት ነው የሚሉኝ። «ረዳት! ጨርቅ!» ይላሉ፤ አቀብላለሁ። ሌላ ሰው ሁሌም ምነው ዝም አልሽ ይለኛል፤ እንደዚያ ስባል ጭራሽ አፌ ይዘጋል። እሳቸው ጠይቀውኝ አያውቁም። «ረዳት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እየለፈለፈ ሹፌሩን ያደክማል፤ አንዱ ዝም ብሎ ጎማ ያያል። አንቺ ጎማ የምታዪው ነሽ» ብለውኛል። እንደዚያ ሲሉኝ ደስ ስላለኝ ወጥ ቤት ገብቼ ቆየሁ።

ወሬው ታች ደረሰ። ብሎኩ ስር በቆርኪ ዳማ የሚጫወቱ ጡረተኞች አሉ። ጋሼ ጆንያ ተሸክመው ሲያልፉ አንዱ ጮክ አለ።

«ጋሽ ወልዴ! ስፌት ተማሩ አሉ!»

«አዎ፣ ያንተን አፍ ልሰፋ ነው።»

«ለሙሽራ ነው እንዴ?»

«ለሙሽራ ነው። ዓይኗ ያረፈው ግን አንተ ላይ ስላልሆነ ዳማህን ተጫወት።»

የምንጣፉን ነገር የነገሩኝ በዚያን ቀን ደረጃውን ስንወጣ ነው።

«እኔ መንገድ የማውቀው በዓይኔ ይመስልሻል? በመቀመጫዬ ነው» አሉ ጆንያውን አረፍ አድርገው። «ተራ የደረሰው ሌላ ሹፌር ሆኖ እኔ ጋቢና ውስጥ ተኝቼ ስነቃ፣ መጋረጃ ሳልገልጥ የት እንደደረስን እናገራለሁ። አንዱ ጋ ጠጠሩ ይንቀጠቀጣል፤ አንዱ ጋ አስፋልቱ ሆዱ ያበጠ ነው፤ ድልድይ ላይ ስትወጪ ደግሞ ከስርሽ ባዶ ይሆንብሻል። አስካለም እግር አላት።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ሦስተኛ ፎቅ፣ በራችን ስር የሚቀመጥ፣ እግር ሲነካው የሚታወቅ ምንጣፍ ነው የሚሠሩት። ቤታቸውን በእግራቸው ካወቁ እማማ ብቻቸውን ወጥተው ብቻቸውን ይገባሉ።

የመጀመሪያው ምንጣፍ በጣም አማረ። እንዲያውም ጥፋቱ ከዚያ መጣ። ጋሼ ሐያት ከስፌት ቤቷ ያመጣችላቸውን ቁርጥራጭ ሁሉ መርጠው መሬቱን አረንጓዴ፣ አበቦቹን ቢጫ አደረጉ። ጨርሰው እማማ እግር ስር አነጠፉት። እማማ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዳሰሱት።

«ምን ይመስላል?»

«አደይ አበባ ነው። ቢጫ።»

«ለማን ነው እንዲህ የተኳለው?» አሉ እማማ። ፈገግ ብለው ነበር።

በነጋታው ምንጣፉ ከበራችን ውጭ ተነጠፈ፤ እማማ ነጠላቸውን አወረዱና ብቻቸውን ታች ወረዱ። ጋሼ መስኮቱ ጋ ቆመው ፀሐይ ላይ ሲቀመጡ አዩአቸው፤ «ይኸውልሽ» ብቻ አሉኝ። ወደ ቤት የሚመለሱበት ሰዓት ደረሰ፤ አልመጡም። ጋሼ ወደ ታች ሲያዩ ወንበራቸው ባዶ ነው። እኔ ሮጬ ወጣሁ። እማማን ያገኘኋቸው ከእኛ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ደረጃው ጥግ ተቀምጠው ነው። ጫማቸውን አውልቀው ታቅፈውታል። ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ በባዶ እግራቸው ሲሚንቶውን ሲፈልጉ ቆይተዋል፤ ሰው ለመጥራት ደግሞ አፍረዋል።

ጋሼ እየተነፈሱ ሲደርሱ «ወልዴ፣ ቤቱን ወሰዱት እኮ» አሏቸው።

በራችን ስር ምንጣፉ አልነበረም። የደረጃው መደገፊያ ብረት ላይ ተሰቅሏል፤ በንጹሕ ፌስታል ተሸፍኖ። ጋሼ ከላይ እስከ ታች ጮኹ። «ማነው ያነሳው? ማነው?» ሐያት ከቤቷ እጇን በአፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

«ውይ ጋሽ ወልዴ፣ እኔ ነኝ! ያን ያህል ለፍተውበት፣ የሰው ጫማ ጭቃ ሲያደርገው አንጀቴ አልችል አለ። ይኼ መሬት ላይ ይጣላል እንዴ? ወላሂ እኔ ለመልካም ብዬ ነው!»

ጋሼ መጮኹን ተዉት። ደረጃው ላይ ተቀመጡና ያን አበባ ትኩር ብለው አዩት።

«የኔ ጥፋት ነው» አሉ። «እኛ ያማረ ነገር መቼ እንረግጣለን? ሶፋ ገዝተን በላስቲክ እንሸፍናለን። ደህናውን ብርጭቆ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈን በቆርቆሮ እንጠጣለን። እኔ ለአስካለ እግር ልሠራ ተነስቼ ለጎረቤት ዓይን ሠራሁ።»

ሐያት አለቀሰች። እማማ አስካለ ናቸው ያባበሏት።

ከዚያ ወዲያ የሠሯቸው ምንጣፎች ሁሉ አስቀያሚ ናቸው። ይኼን ስል እሳቸው ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ ሆን ብለው ነው። የጭቃ መልክ፣ የአመድ መልክ፣ የታጠበ ጥቁር። «የሚያሳዝን ቀለም እንዳትሰጪኝ፤ ማንም እንዲራራለት አልፈልግም» ይሉኝ ነበር። ውበቱ ሁሉ ለእግር ሆነ። የየፎቁ ለየቅል ነው፤ አንዱን እንደ ሽምብራ ጉብ ጉብ ያለ አደረጉት። አንዱን እንደ ታረሰ መሬት በመስመር ሠሩት። የእኛ በር ስር ያለውን ቀለበቱን አስረዝመው እንደ በግ ጀርባ አለሰለሱት። እንዳያንሸራትት የመኪና ጎማ ውስጥ ያለውን ከመነዳሪ ቀደው ላስቲኩን ከስሩ ሰፉበት።

የሚፈትኑት በእኔ ነው። ዓይኔን በሻሽ አስረው ጫማዬን አስወልቀው ሳሎን ውስጥ ያዞሩኛል። «ረዳት፣ የት ደረስን?» «ሁለተኛ ፎቅ ጋሼ።» «አራተኛ ነው! አለፍሽ! መኪናውን ገደል ከተትሽው!» ይላሉ። እማማ ከአልጋቸው ላይ ይስቃሉ። እኔ ከተሳሳትኩ ጋሼ ያን ምንጣፍ ፈተው እንደገና ይጀምሩታል፤ ጨርቁ ጫፉን ሲይዙት ተተርትሮ ይወጣል። መፍታቱ አያናድዳቸውም ነበር። እንዲያውም ቧንቧ መፍታት የተዉት ያኔ ነው።

አንድ በር ብቻ አልበቃቸውም። መንገደኛ የሚደርስበትን ብቻ ሳይሆን ያለፈውንም ማወቅ አለበት ብለው ለየፎቁ ሠሩ። ምንጣፎቹ ሲነጠፉ ግን ሰዉ እነዚህንም አልረግጥም አለ። አስቀያሚ ቢሆኑም የሽማግሌ ልፋት ናቸው። ልጆቹን ሳይቀር እናቶቻቸው እያዘለሉ ያሳልፏቸዋል። ጋሼ ታዲያ ወንበራቸውን ደረጃው ራስ ላይ አወጡና እንደ ትራፊክ ፖሊስ ተቀመጡ።

«እርገጡት! እርገጡት እንጂ! አንተ፣ ተመለስና ረግጠህ እለፍ!»

«ኧረ ጋሽ ወልዴ፣ ጫማዬ ጭቃ ነው...»

«ይሁና! ካልተረገጠ አይደላደልም!»

ሰፈሩ ለመደላቸው። እንዲያውም የዳማው ቡድን ሲያያቸው ከሩቅ «እርገጡት!» እያለ ይጠራቸው ጀመር።

እማማ አስካለ እንደገና የወጡ ቀን ጋሼ አልቆሙም፣ አላዩም። ባዶ ጆንያ ፊታቸው አድርገው፣ ጨርቅ ሳይኖር መንጠቆውን ይሰኩና ያወጡ ነበር። እማማ ወርደው፣ ሴቶቹ ጋ ተቀምጠው፣ ስለ ሁሉም ሰው ጤንነት ጠይቀው፣ ተጠይቀው፣ ተመለሱ። እያንዳንዱ ፎቅ ላይ አንድ እግራቸውን ከነጠላ ጫማቸው አውጥተው ነካ ያደርጋሉ፤ መልሰው ይከታሉ። በራችን ስር ሲደርሱ ሁለቱንም አወለቁ።

«ልስልስ አለ» አሉ።

«ገባሽ?» አሉ ጋሼ ቀና ሳይሉ።

«ገባሁ።»

በክረምቱ ጋሼን ሳል ያዛቸው። ሳል ነው ብለው ናቁት፤ ሳንባ ነው ተባለ። ሆስፒታል የገቡት በእግራቸው ነው። ሲወርዱ ሁሉንም ምንጣፍ በጫማቸው ጠበቅ አድርገው ረገጡ። አልተመለሱም።

ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ሰናይት ከታች ጀምራ ምንጣፎቹን ሰበሰበቻቸው። የለቀስተኛው ብዛት፣ የጫማው ጭቃ፣ ሁሉም ተደምሮ አንገበገባት። አቧራቸውን አራግፋ፣ አንድ በአንድ ጠቅልላ ትልቅ ሻንጣ ውስጥ ከተተቻቸው። ለቡ ወስዳ ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ልትሰቅላቸው ነው። እናቷንም ልትወስድ ነው። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ስታደርገው ሁሉ እያለቀሰች ነበር። እሑድ እሑድ ስትመጣ፣ እናቷ ለእሷ ብቻ እሺ ስለሚሉ፣ በክንዷ ይዛ ስለምታወጣቸውና ስለምታወርዳቸው፣ ብቻቸውን ሲሄዱ አይታ አታውቅም።

እማማ አስካለ ታች ገና ባልፈረሰው የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ሊቀመጡ ከቤት ወጡ። አንድ እግራቸውን አወጡ። ሲሚንቶውን ነኩ። ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ ፈለጉ። ከዚያ እግራቸውን መልሰው ቤት ገቡና አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሰናይት ሻንጣውን እየዘጋች «እማዬ፣ ከእንግዲህ እኔ ጋ ነሽ። እዚህ ማን አለሽ?» አለች።

እኔ ወጥ ቤት በር ላይ ቆሜ ነበር።

«እህቴ፣ ጋሼ ይረገጥ ብለው ነው የሠሩት» አልኩ።

የሰማችኝ አልመሰለኝም። ደግሜ አልኩት፤ ሁለተኛው ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ። ሰናይት ዞራ አየችኝ።

«ያልቃል እኮ ፋንቱ! አባዬ ሌላ አይሠራልንም!»

እማማ ናቸው ከውስጥ የመለሱት።

«ይለቅ። እኔስ አላልቅም እንዴ?» አሉ። «የአባትሽን እጅ ግድግዳ ላይ ብትሰቅዪው እኔ በምን ላገኘው ነው? እየቦታው መልሺልኝ። የቱ የየትኛው ፎቅ እንደሆነ ፋንቱ ታውቃለች።»

ሰናይት ሻንጣው ላይ አጎነበሰች። ከዚያ ዚፑን ከፈተችው። አብረን አነጠፍናቸው፤ እኔ እየነገርኳት፣ እሷ በመዳፏ እየደለደለች። ሽምብራ የሚመስለው ጋ ስትደርስ ጫማዋን አውልቃ ቆመችበት።

እማማ ነጠላቸውን ለበሱና ወጡ። ሰናይት ክንዳቸውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ እማማ እጇን ሳም አድርገው መለሱላት። ወረዱ። ታች ሰው «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ሲላቸው ሲመልሱ እስከኛ ድረስ ይሰማ ነበር። ሰናይት በሩን ዘግታ ከኋላው ቆመች፤ እኔም አጠገቧ።

ድንኳን ውስጥ ቆዩ። ከዚያ የነጠላ ጫማቸው ድምፅ መጣ። ይወጣል፣ ያርፋል፣ ይወጣል። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ላይ ቆመ፤ ቆሞም ቆየ። ሰናይት እጀታውን ያዘች። ድምፁ እንደገና ጀመረና በራችን ድረስ መጥቶ ጠፋ። ምንጣፉ ላይ ደርሰዋል ማለት ነው፤ እዚያ ላይ እግር ድምፅ የለውም።

«ሰናይት» አሉ ከበሩ ውጭ፤ ልጃቸው እዚያ መቆሟን በምን እንዳወቁ አላውቅም። «እንዳትከፍቺልኝ።»

ሰናይት እጀታውን ለቀቀችው።